ሰሜኑ የጠፋበት ፕላን፦ የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር በጎጃም ከተሞች

ባለፈው በጋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መኖሪያ ቤት መሠረት ሊቆፈር ሲል ቦታው ላይ ነበርኩ። ፎርማኑ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ሠራተኛው ሁሉ «አያ» እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱን የጣውላ ክምር ላይ ዘርግተው ካስማ ሊያስተክሉ ሲሉ ቆም አሉና ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ ሰሜን ናት አይደል?»

«አዎ፣ አያ።»

ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ወረቀቱን አዞሩት፤ መልሰው አዞሩት። «እንዲህ ከሆነማ የግቢው በር የሚወጣው ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ነው» አሉ።

ልክ ነበሩ። ፕላኑ አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም የተሠራ፣ መስመሩ የጠራ፣ ማኅተም ያረፈበት ነው። ነገር ግን ሌላ ከተማ ውስጥ፣ መንገዱ በደቡብ በኩል ለሚያልፍበት ቦታ፣ ለሌላ ሰው የተነደፈ ፋይል ነበር። ነዳፊው የባለቤቱን ስምና የካርታ ቁጥሩን ቀይሮ፣ የግቢውን ወሰን ገፋ ገፋ አድርጎ አትሞ ሰጥቷል። ቀስቷን ግን አልነካትም።

ከባሕር ዳር ተነስቶ በዳንግላ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ደጀን የሚጓዝ ሰው በየመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ መወጣጫ የታሰረበት ሕንፃ ያያል። የአብዛኛው ፕላን የተሠራው በኮምፒውተር ነው። ሶፍትዌሩን የሚችሉ ወጣቶች አሉን፤ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ፣ በኮሌጅ ድራፍቲንግ የሠለጠኑ፣ በዩቲዩብ ራሳቸውን ያስተማሩም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ንድፉ የሚጀምረው ቤቱ ከሚያርፍበት መሬት መሆኑ ቀርቶ በቴሌግራም ከተገኘ የሰው ፋይል እየሆነ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳም፣ የሚያቃጥለው መኝታ ቤትም፣ ምጣድ የማይገባበት ወጥ ቤትም፣ ከዚያ የሚመዘዝ ነው።

ድሮ ፕላን የሚሣለው መሬቱ ላይ ነበር። ጎጆ የሚቀልስ ሰው መሐል ላይ ካስማ ይተክላል፣ ገመድ ያስራል፣ ዙሪያውን እየዞረ ክቡን በጫፉ ይጭራል። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠበትን ያንኑ ክብ ያስታውሰዋል። በገመድ የሚለካ ሰው መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚገባ ሳያውቅ መስመር ማስመር አይችልም፤ እግሩ መሬቱ ላይ ነውና። ስክሪኑ ግን ጥቁር ወይም ነጭ ሜዳ ነው፤ ተዳፋት የለውም፣ ዋልካ የለውም፣ ጎረቤት የለውም። እኛ ካላስገባንለት ምንም አያውቅም።

እዚህ ላይ ፕሮግራሞቹ በሚያውቁት ነገር እንደሚለያዩ መረዳት ይጠቅማል። አውቶካድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን መስመር ይሥላል። ሁለት ትይዩ መስመሮችን ግድግዳ ናቸው የምንለው እኛ ነን፤ ለእሱ ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው። መስኮቱን በወለል ፕላኑ ላይ ብናንቀሳቅሰው በፊት ለፊት ገጽታውና በቁርጡ (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ በሚታይበት ሥዕል) ላይ ያለው መስኮት ከቦታው አይነቃነቅም፤ በእጃችን ሄደን ማስተካከል አለብን። ከሰው ፋይል የተቀዱ ፕላኖች ላይ የወለሉ መስኮት አራት፣ የፊት ገጽታው መስኮት ሦስት ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሃንጋሪ ውስጥ በግራፊሶፍት የተሠራው አርኪካድና እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2002 አውቶዴስክ የገዛው ሪቪት ግን ግድግዳን እንደ ግድግዳ ያውቁታል፦ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ቁመቱ ስንት ነው፣ ከምን ተሠራ። አንድ ቦታ ላይ ከተለወጠ ሁሉም ሉህ ላይ ይለወጣል።

የዚህ ጥቅም ለባለቤቱ ኪስ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ግድግዳ ላይ ላሳይ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 30 ካሬ ሜትር ነው። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ያህል ይገባል፤ ስለዚህ በግምት የሚሄድ ሰው 375 ብሎኬት ያዛል። ግድግዳው ግን 90 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከ10 የሆነ በርና 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ መስኮት አለው። እነዚህ ሲቀነሱ 26 ካሬ ከምናምን ይቀራል፤ ብሎኬቱም ወደ 329 ይወርዳል። 46 ብሎኬት በአንድ ግድግዳ ብቻ። በሙሉ ቤት ላይ ሲደመር ብዙ ገንዘብ ነው፤ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ እንዲህ በሚዋዥቅበት ጊዜ ደግሞ ቤቱ በመሐል እንዳይቆም የሚያደርግ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ በትክክል ከተሠራ ፕሮግራሙ ይህን ስሌት በራሱ ያወጣል። የምናየው ግን አርኪካድን እንደ አውቶካድ የሚጠቀም፣ መስመር ብቻ አውጥቶ የሚሸጥ ብዙ መሆኑን ነው።

ወደ ቀስቷ ልመለስ። ስኬችአፕ የሚባለውን የስሪዲ ንድፍ ፕሮግራም አዲስ ሲከፍቱት ለረጅም ጊዜ መነሻ ቦታው ቦልደር የምትባል የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ከተማ ነበረች። ቦልደር ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። ደብረ ማርቆስ ግን 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ላይ ነው ያለው። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 56 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ታልፍና 77 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ 13 ገደማና እንደገና ነሐሴ 16 ገደማ በቀትር አናት ላይ ናት፤ ሰው ጥላውን የሚረግጥበት ቀን ማለት ነው። ቦታውን ሳያስተካክል የጥላ ጥናት የሠራ ነዳፊ ለጎጃም የማይሆን ጥላ እያየ ነው መስኮት የሚከፍተው። ማስተካከሉ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የከተማውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ማስገባት፣ ሰሜኑን ማዞር፣ በቃ።

ይህ ሲደረግ ምን ይታያል? ባሕር ዳር ላይ ሙቀቱ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን በዚያ ወቅት ፀሐይዋ ወደ አናት የቀረበች ናት። ስለዚህ ቀን ላይ የሚጋየው ከግድግዳው ይልቅ ቆርቆሮው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ ግድግዳ። ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ መተውና መኝታ ቤቱን ከምዕራብ ማራቅ ከየትኛውም ውድ መጋረጃ ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ በአንጻሩ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ጥቂት የማይባል ልዩነት አለ። ባሕር ዳር የምትሸሸውን ፀሐይ ደብረ ማርቆስ ትፈልጋታለች፤ የጥዋት ፀሐይ የማይገባበት ሳሎን እዚያ ክረምቱን በሙሉ ይቀዘቅዛል፣ ልብስ ይሻግታል። አንድን ፋይል ለሁለቱም ከተሞች መሸጥ ለቆላም ለደጋም አንድ ዘር እንደ መስጠት ነው።

ከመሬት በታች ያለው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። በጎጃም ብዙ ቦታ፣ በደጀን፣ በቢቸናና በደብረ ማርቆስ ዙሪያም፣ ዋልካ አለ። ገበሬው ያውቀዋል፤ በክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ እብጠቱን ይጫነዋል፤ ቀላል ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግን ይነሣል፣ ይወርዳል፤ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይወጣል። ሰው «ግንበኛው አበላሸው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግንበኛው ጥፋት የለበትም።

የሕንፃውን ጥንካሬ ስሌት የሚሠራው ሰው ኢታብስን ወይም ሌላ የስሌት ፕሮግራም ሲጠቀም የአፈሩን የመሸከም አቅም የሚገልጽ አንድ ቁጥር ያስገባል። አንድ ኮለን (ምሰሶ) 40 ቶን ያወርዳል እንበል። አፈሩ በካሬ ሜትር 20 ቶን ይችላል ተብሎ ከተጻፈ ከኮለኑ ሥር የሚፈሰው የመሠረቱ ፓድ 2 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፤ ጎኑ 1 ሜትር ከ42 ማለት ነው። 10 ቶን ብቻ ከሆነ የሚችለው 4 ካሬ ያስፈልጋል፤ ጎኑ 2 ሜትር። አንዲት ቁጥር ስትቀየር መሠረቱ እጥፍ ይሆናል። ያቺን ቁጥር ብዙዎች ከየት ያመጧታል? ከቀድሞው ፋይል። ቦታው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩን ያየ የለም። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሰጡትን ተቀብሎ በንጹሕ ሠንጠረዥ መልሶ ያትማል፤ ሠንጠረዡ ስለሚያምር ሰው ያምነዋል። እብጠቱንም ማንም ካልነገረው አያሰላውም። ዋልካ ላይ ለሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቁፋሮ ነው፤ ቀጥሎ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም ከሚንቀሳቀሰው ንብርብር በታች መውረድ፣ ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዝ ጠንካራ ግሬድ ቢም ማሰር፣ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው ማራቅ። ባሕር ዛፍንም ከቤቱ ጥግ አለመትከል፤ ሥሩ ውሃውን እየመጠጠ አፈሩን በአንድ ወገን ያኮማትረዋል። ይህ ሁሉ ፕላኑ ላይ መሣል ይችላል። እኔ ካየኋቸው ፕላኖች ግን አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚጥል ያሳየው ጥቂት ነው።

ጣና ዳር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰፋፊ ጎዳናዎቿን ሲነድፍ ያን ሜዳነት ተጠቅሞበታል። ለሐይቁ በሚቀርቡ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ የቀረበ ስለሆነ ከሌላ ከተማ የተቀዳ ጥልቅ የሴፕቲክ ታንክ ንድፍ በክረምት ከታች በሚመጣ ውሃ ይሞላል።

ስለ ወጥ ቤት ብዙ ነዳፊ አይጨነቅም፤ እኔ ግን ቤት የሚታወቀው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ቤታቸው እየተጠናቀቀ የነበረ አንዲት እናት ፕላኑን ዘርግቼ ክፍል በክፍል ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ምጣዱ ታዲያ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ። ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ክፍት ወጥ ቤት ነበር፤ ባለ ከፍታ ወንበር፣ ባለ ሁለት ማጠቢያ። በርበሬ የሚታመስበት፣ ጠላ የሚጠነሰስበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ የለውም። በመጨረሻ ከቤቱ ጀርባ፣ ፕላኑ ለአየር ብሎ ክፍት በተወው ቦታ ላይ በቆርቆሮ ማድ ቤት ሠሩ። ጭሱ አሁን በቀጥታ ወደ ልጆቹ መኝታ ቤት መስኮት ይገባል። መስኮቱ ፕላኑ ላይ ጥሩ መስኮት ነበር።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ቦታ ብቻ አይበቃውም። 3 ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ከማቀዝቀዣና ከመብራት ጋር በአንድ መስመር ላይ ከገባ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ ሽቦው ይግላል። የኤሌክትሪክ ንድፉ ላይ ለምጣድ ለብቻው መስመርና ብሬከር ማስመር ለነዳፊው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከውጭ በመጡት ዝግጁ የወጥ ቤት ምልክቶች ውስጥ ግን ምጣድ የለም፤ ስለሌለ ይረሳል። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ምጣድ፣ ጀበና ማፍያ፣ የእህል ጎተራ፣ የጠላ ጋን ልካቸውን ለክቶ የራሱን ምልክቶች የሚያዘጋጅ ነዳፊ ለባልደረቦቹ ሁሉ ትልቅ ውለታ ይውላል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሳይት ላይ ይደርሳል። ቡሬ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ፕላኑ ለኤ1 ወረቀት፣ በ1፡100 የተዘጋጀ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሰፊ ወረቀት የሚያትም ፕሎተር ስላልነበረው በኤ3 አወጣው። ኤ3 በጎኑ የኤ1 ግማሽ ስለሆነ ሥዕሉ 1፡200 ሆነ፤ ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም 1፡100 ይላል። አብዛኛው ልክ በቁጥር ስለተጻፈ ችግር አልነበረም። አንድ መስኮት ከጥግ ያለው ርቀት ግን አልተጻፈም። ግንበኛው ማስመሪያ አወጣ፣ ለካ፣ በመቶ አባዛ። ከጥግ 1 ሜትር ተኩል መራቅ የነበረበት መስኮት 75 ሳንቲም ላይ ተከፈተ፤ ቁም ሣጥን የሚቆምበት ግድግዳም ጠፋ። ፕላኑ ላይ በሜትር የተከፋፈለ የልክ መስመር ተሥሎ ቢሆን ኖሮ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ስለሚጠብ ግንበኛው ያንን ያመሳክር ነበር።

ቋንቋውስ? ቤቱን የሚሠራው ሰው የሚያነበው አማርኛ ነው፤ ፕላኑ ላይ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ነዳፊዎችን ስጠይቅ «አውቶካድ አማርኛ አይቀበልም» ይሉኛል። ይቀበላል። ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀምባቸው የራሱ የመስመር ፊደሎች ግዕዝ ስለሌላቸው ነው የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን የሚያወጣው። የጽሑፉን ስታይል ወደ ኒያላ ወይም ወደ ሌላ ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል መቀየር ይበቃል፤ ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ ተጨማሪ ፊደል የሚጫን ነው። ኮለን፣ ቢም፣ ስታፋ (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት)፣ ፌሮ ሠራተኛው በየቀኑ የሚላቸው ቃላት ናቸው። «ባለ 14 ፌሮ፣ ስታፋው በየ 15 ሳንቲም» ተብሎ ቢጻፍ ሳይት ላይ ያለው ሁሉ ያነበዋል፤ ስታፋው በየ 25 ሲታሰርም «ወረቀቱ 15 ነው የሚለው» ብሎ የሚናገር የቀን ሠራተኛ ይገኛል።

የፈቃዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው፤ ትናንሽ መኖሪያ ቤቶችን በምድብ «ሀ»፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውንና የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን በምድብ «ሐ» አስቀመጠ። በዚያ አዋጅ የቁጥጥሩ ክብደት በምድቡ ልክ ነበር። ስለዚህ ከሰው ፋይል የሚቀዳው በብዛት ትንሹ መኖሪያ ቤት ነው፤ ማለትም ዋልካው ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ቤት። ባለቤቱም ፕላኑን «የፈቃድ ማውጫ» ይለዋል። ለፈቃድ ማውጫ ማንም ብዙ መክፈል አይፈልግም፤ ለፊት ለፊት «ስሪዲ» ሥዕል ግን ይከፍላል፤ አሁን አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራውን ያማረ ቪላ በስልኩ ይዞ «ይህን ሥራልኝ» የሚል መጥቷል። ሥዕሉ ውስጥ ኮለን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ነዳፊዎቹን ብቻ መውቀስም አልፈልግም። አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀር ፈቃድ መሸጥ አቁሟል፤ አውቶካድ በዓመት ወደ 2 ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ በኋላ ይህ ለአንድ የወረዳ ከተማ ነዳፊ የማይታሰብ ነው። ክፍያው ቢገኝ እንኳ ፈቃዱ በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበት፤ እኛ ደግሞ ለወራት ኢንተርኔት ሳይኖረን ቆይተናል። ስለዚህ ክራክ የተደረገው፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራው ፕሮግራም ይገባል፤ ከእሱ ጋር ቫይረስ፣ የማይከፈት ፋይል፣ በመሐል የሚዘጋ ሥራ። ተማሪ ሳሉ የነፃ የትምህርት ፈቃድ አለ፤ ከዚያ በኋላ ፍሪካድና ሊብሬካድ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለባለ አንድ ፎቅ ቤት በቂ ናቸው። ብሌንደርም «ስሪዲ» ለሚፈልገው ደንበኛ አለ። በኮሌጆቻችን ከአውቶካድ ጎን እነዚህም ቢሰጡ ተመራቂው የሰው ፋይል ፍለጋ ባልሄደ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የራሱን መሥራት የሚችል መሣሪያ በእጁ ይኖር ነበርና።

ደብረ ማርቆስ ላይ ያንን ቀን ባለቤቱ መጀመሪያ ያለው «ገልብጡት» ነበር። ሶፍትዌሩ ላይ ፕላን መገልበጥ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቼ ገለበጥኩትና አሳየሁት። በሩ መንገድ ላይ ወጣ። መኝታ ቤቶቹ ግን ምዕራብ ላይ ወደቁ፤ ሴፕቲክ ታንኩም ከጎረቤት የውሃ ጉድጓድ በላይ፣ በተዳፋቱ ራስ ላይ ሆነ። አያ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቁፋሮው ለሦስት ቀን እንዲቆም ተስማማን።

በማግሥቱ ጥዋት ገመድ ይዘው መጡ። አንዱን ጎን 3 ሜትር፣ ሌላውን 4 ሜትር ለክተው ሰያፉ 5 ሜትር እስኪሆን ካስማውን እያቀያየሩ የግቢውን ጥግ ቀጥ አደረጉ፤ ካርታው ላይ ካለው ልክ ጋር የ40 ሳንቲም ልዩነት አገኘን። ሁለት ልጆች ከመሐል ጉድጓድ ቆፈሩ። ጥቁሩ አፈር 1 ሜትር ከ80 ድረስ ወርዶ ከዚያ ቀይ ጠንካራ አፈር መጣ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ባዶ ፋይል ከፈትኩ፤ ሰሜኑን በፀሐይዋ አስተካክዬ መጀመሪያ የጻፍኩት ያንን 1 ሜትር ከ80 ነው።